ታቢታ የማትላቸው ቃላት

ቲቸር ጸሐይወርቅ የመጀመሪያ ቀን ሲገቡ ጠመኔ አልያዙም፣ መጽሐፍም አልያዙም። ከሆቴላችን ወጥ ቤት አንድ ማንኪያ ይዘው ነው የገቡት። ከፍ አድርገው አሳዩንና ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ዝምታው ሲረዝም ሰው መቁነጥነጥ ጀመረ። ባር ላይ የሚሠራው ደምሴ፣ ነገረኛ ነው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ሴትዮዋ ምሳ አልበሉም መሰለኝ አለኝ። ከዚያ ከፊት የተቀመጠችው ታቢታ በቀስታ "ስፑን" አለች። ቲቸር ፈገግ አሉና ማንኪያውን ሰጧት፣ ለጎረቤቷ እንድታቀብል በእጃቸው አሳዩአት። ማንኪያው አዳራሹን ዞሮ እስኪመለስ ሁላችንም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፋችን አውጥተናል። እሳቸው ግን ገና ምንም አልተናገሩም።

እኔ አስተናጋጅ ነኝ፣ ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ነው። እዚያ የነበረው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሰዓቱን ሙሉ የሚያወራው እሱ ነበር፣ እኛ እንገለብጣለን። ስለዚህ ይሄ ነገር ገረመኝ። ሰው ሳይናገር እንዴት ቋንቋ ያስተምራል? ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግሊዝኛውን ትቼ እሳቸውን ማየት ጀመርኩ ብል ይቀላል።

ዘመኑ 1976 ነው። በሚቀጥለው መስከረም አሥረኛው የአብዮት በዓል ይከበራል፣ ከውጭ ብዙ እንግዳ ይመጣል፣ አዋሳም ድረስ ይወርዳል ተባለ። የምንሠራበት ሆቴል የመንግሥት ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ሐይቅ ዳር ካሉት አንዱ ነው ካልኩ ይበቃል። ሠራተኛው እንግሊዝኛ ይማር የሚል ትእዛዝ ከላይ መጣ። አሥር ሰዓት ላይ፣ ምሳ ተነስቶ እራት ሳይዘረጋ፣ በምግብ አዳራሹ እንማራለን። መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። ያለፈ እንግዳ ፊት ይቆማል። የወደቀ ቆላ ወርዶ የእርሻ ልማት ካንቲን ውስጥ ይሠራል። እዚያ የሄደ ሰው በወባ ቢጫ ሆኖ ነው የሚመለሰው፣ ከተመለሰ።

ቲቸር ጸሐይወርቅ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፣ ወደ እኛ የሚመጡት ከሰዓት ነው። አምሳ ዓመት ይሆናቸው ይሆናል። የደብረ ብርሃን ልጅ ናቸው። አዋሳ የመጡት ከተማዋ ገና ስትቆረቆር ነው፣ ጅብ መንገድ ላይ ይዞር በነበረበት ጊዜ ይላሉ። ባላቸው በሕመም ሞተዋል። ወንድማቸው ላይ በ1970 የሆነውን ሰው ያወራዋል፣ እሳቸው አያነሱትም። እኔም አላነሳም።

አመላቸው መጠየቅ ነው። የሚጠይቁት ግን እንደ ካድሬ አይደለም፣ እንደ ሕፃን ነው። ጋሪ ላይ ሲሳፈሩ ባለጋሪውን ፈረሱን በምን ቋንቋ ነው የምታናግረው ይሉታል። በሲዳምኛ ካለ በአማርኛ ብታዘው አይሄድም ወይ ይሉታል። አንድ ቀን አንዱ ባለጋሪ ሞክሮላቸው ፈረሱ ቆሞ ቀረ ብለው ክፍል ውስጥ ነግረውናል፣ እውነት ይሁን ቀልድ አላውቅም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች ይሄ ክንፉ በእናንተ አፍ ምን ይባላል ይላሉ። ደምሴ አንዴ፣ ቲቸር፣ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩን ነው የመጡት ወይስ ሲዳምኛ ሊማሩ አላቸው። አልተቆጡም። "የማታውቀው ማሰሮ ውስጥ ወተት ትገለብጣለህ?" አሉት። "መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ታያለህ። እኔም የእናንተን አፍ እያየሁ ነው።"

አስተማሪ ብዙ ነገር ማወቅ እንዳለበት ያኔ ነው የገባኝ። ለምሳሌ መጠበቅ። ጥያቄ ይጠይቁና ዝም ይላሉ፣ መልሱን ቶሎ የሚናገር አስተማሪ የተማሪውን እንጀራ ይበላበታል ይላሉ። ደግሞ ስንሳሳት ወዲያው አያርሙም። ኩማ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ስለ ፎጣ ሲያወራ ተሳስቶ ፎጣው ሚስቴ ናት አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸው ግን ጨርስ አሉት። ጨረሰ። ከዚያ ጥግ ወስደው ለብቻው ነገሩት። ደግሞ አንዳንዴ ፊታቸውን አዙረው በመስኮት ሐይቁን እያዩ ያዳምጡናል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ፊታችሁን ካየሁ ያልሰማሁትን የሰማሁ ይመስለኛል" አሉኝ። እንግዳው ስልክ ላይ ሲሆን ፊታችሁን አያይም፣ ስለዚህ እኔም አላይም አሉ።

እንደዚያ ፊታቸውን አዙረው ሲያዳምጡ ነው የታቢታን ነገር ያገኙት።

ታቢታ አልጋ አንጣፊ ናት። ሲዳማ ናት፣ የይርጋለም አካባቢ ልጅ። ባሏ ወታደር ነው፣ ሰሜን ከዘመተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እሷ ሁለት ልጅ ይዛ ከባሏ እናትና አባት ጋር ታቦር ተራራ ሥር ትኖራለች። ከሁላችንም ፈጣን እሷ ናት። አንድ ቃል አንዴ ከሰማች በቃ። ቁልፍ፣ ክፍል፣ ፎቅ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ይቀመጡ፣ ይፈርሙ፣ ሁሉንም ትላለች። ከላይ ከተላከው ወረቀት ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፣ እንግዳ ሲመጣ የመጀመሪያው እሱ ነው፣ "ዋት ዱ ዩ ዋንት"። ምን ይፈልጋሉ ማለት ነው። ተራው ታቢታ ላይ ሲደርስ ፀጥ። ነጠላዋን ወደ አፏ ታመጣና መሬት መሬት ታያለች።

ቲቸር መጀመሪያ ከንፈሯ ነው ብለው አሰቡ። መስታወት አምጥተው ከንፈር እንዴት እንደሚሾል አሳዩአት። ታቢታ መስታወቱን አይታ "ዌልካም" አለች፣ "ዊንዶው" አለች፣ አጥርታ። ከንፈሯ ደህና ነው። "ዋተር" በዪ ሲሏት ግን፣ ውሃ ማለት ነው፣ ዝም። "ዋሽ" በዪ፣ ማጠብ፣ ዝም። ቲቸር መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አዩአት። ንዴት አልነበረም ፊታቸው ላይ። ሳጥን ውስጥ የሆነ ነገር ሲንኳኳ እንደሰማ ሰው ነው የሆኑት።

ችግሩ እሳቸው ብቻ አይደሉም ያዩት። የሆቴሉ ካድሬ ጓድ ደረሰ አንዳንዴ ከኋላ ይቀመጣል። ያን ቀን ነበር። በሚያዝያ የላብ አደሮች ቀን ሰልፍ ላይ ሁሉም ግራ እጁን አንስቶ ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ኢምፔሪያሊዝም ይውደም ሲል ታቢታ እጇን አላነሳችም፣ አፏንም አልከፈተችም፣ ይሄን አይቶባታል። ያኔ ጴንጤዎች መፈክር አይሉም ይባል ነበር። ጸሎት ቤቶቹ ተዘግተዋል፣ አማኙም እየተለቀመ ነበር። ታቢታ የሚለው ስም ራሱ የት እንደሚያደርስ ማንም ያውቃል። ክፍሉ ሲያልቅ ጓድ ደረሰ ቲቸርን በር ላይ አቁሞ፣ ይቺ ልጅ አንዳንድ ነገር አልልም የምትል ከሆነ ፈተናው ላይ እናያታለን፣ ከዚያ ሁኔታዋ ይጣራል አላቸው። ሁኔታዋ ይጣራል የተባለ ሰው ቤቱ አያድርም። ይሄን እኔ ሰምቻለሁ፣ ሰሃን እያነሳሁ ነበር።

ቲቸር በማግስቱ ታቢታን ቤትሽን አሳዪኝ አሏት። እኔን ደግሞ አንተም ና አሉኝ፣ ሴት ብቻዋን ዳገት አትወጣም ብለው ቀለዱ። ሄድን።

ቤቱ ታቦር ሥር ነው፣ እንሰት ከኋላው አለ። ሽማግሌው ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቲቸር "ኬሬ" አሉአቸው፣ በሲዳምኛ ሰላም ነው ማለት ነው፣ ሽማግሌው ደስ አላቸውና ብድግ አሉ። አሮጊቷ ቡርሳሜ፣ በቅቤ የታሸ ቆጮ ነው፣ በእርጎ አቀረቡልን። አማርኛቸው ትንሽ ነው፣ የቲቸርም ሲዳምኛ ትንሽ ነው፣ ሁለቱ ትንሾች ተጋግዘው ወሬው ቀጠለ። ሽማግሌው ስለ ልጃቸው ነው ያወሩት። ደብዳቤ ከመጣ ቆይቷል አሉ።

ከዚያ ትንሹ ልጅ ሮጦ መጣና እናቱን ውሃ ጠየቃት። በሲዳምኛ ውሃ "ዋ" ነው። ልጁ "ዋ፣ ዋ" ይላል። ታቢታ ጣሳውን ይዛ ለልጁ የሆነ ነገር አለችው። "ዋ" አይደለም ያለችው። ሌላ ቃል ነው፣ እኔ የማላውቀው። የቲቸር እጅ ቡርሳሜው ላይ እንዳለ ቀረ።

ትንሽ ቆይተው ሽማግሌውን፣ "አባባ፣ ስምዎን አልጠየቅሁም፣ ይቅርታ፣ ማን ልበልዎት?" አሏቸው።

"ዋንሳሞ" አሉ ሽማግሌው።

ቲቸር ወደ ታቢታ ዞሩ። ታቢታ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ገና አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አሮጊቷ ናቸው ያስረዱን፣ እየሳቁ። በእነሱ ባህል ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ማናቸውንም ቃል አትጠራም። ለዚያ ሌላ ቃል አላት፣ ሴቶቹ እርስ በርስ የሚያውቁት። አሮጊቷ ራሳቸው ይኸው እስከ ዛሬ የአማታቸውን ስም አልጠሩም፣ ሰውየው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። አሁን አሁን የተውት አሉ፣ ከተማ የገቡት በተለይ። ታቢታ ግን አልተወችም። አማርኛ ስትናገርም "ዋጋ" አትልም፣ ስንት ነው ነው የምትለው። እንግሊዝኛ ስትማር ደግሞ ያ ድምፅ ከፊቷ መጥቶ እንደ ግንድ ተጋረጠ። ዋት፣ ዋንት፣ ዋተር፣ ዋሽ፣ ሁሉም የአማቷ ስም ሆነባት።

ቲቸር ዓይናቸው በራ። እውነቴን ነው፣ ልጅ ሆነው ነበር። አዲስ የመጣ ቃል ላይስ? የእናቱስ ስም? ባልሽስ ላንቺ እናት እንደዚያ ያደርጋል? ሽማግሌው ሳቅ በሳቅ ሆኑ። የፈተናውን ነገር ሲነግሯቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። አሰቡና፣ "ለእኔ ብላ ከሆነ ትተወው" አሉ። "እኔ ፈቅጃለሁ። ቆላ ከምትሄድብኝ ስሜ ይበላ።"

ታቢታ ያኔ ነው የተናገረችው።

"እሳቸው ቢፈቅዱም አፌ አይፈቅድም" አለች። "ባሌ እዚህ የለም። እሱ እስኪመጣ ያባቱን ክብር የምጠብቅለት እኔ ነኝ። ለእንግዳ ብዬ ብተወው፣ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?"

ስንወርድ ቲቸርን እንግዲህ ምን ይደረጋል አልኳቸው። ያሰብኩት ያስገድዷታል ብዬ ነው፣ አስተማሪ አይደሉ። እሳቸው መንገዱን እያዩ ለራሳቸው ነው የሚመስለው የመለሱት። ቋንቋ ማለት አንድ በር ያለው ቤት አይደለም አሉ። የፊቱ ከተዘጋ ጓሮ አለ።

በማግስቱ ክፍል ገብተው ከላይ የመጣውን ወረቀት አጠፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዛሬ ጀምሮ እንግዳን "ዋት ዱ ዩ ዋንት" የሚል የለም አሉ። እንግሊዝ አገር እንደዚያ የሚናገረው የተቆጣ ባለሱቅ ነው አሉን። ትልቅ ሆቴል ውስጥ "ሃው ሜይ አይ ሄልፕ ዩ" ነው የሚባለው፣ ምን ልርዳዎት እንደማለት። የታቢታን ስም አላነሱም። ለሁላችንም ነው ያስተማሩት። ከዚያ አዳራሹን በሙሉ ጓሮ ለጓሮ አስኬዱን። የትኛውን ክፍል ይመርጣሉ። ስንት ሌሊት ያድራሉ። ልብስዎን ወደ ላውንድሪ ልውሰደው። ታቢታ እንደ ወፍ ትናገር ጀመር፣ ነጠላዋም ከአፏ ወረደ።

ደምሴ የጓሮውን ነገር ከእኔ ሰምቷል፣ እጁን አነሳ። "ቲቸር፣ ውሃንስ? ውሃ እንኳን ጓሮ የለውም።"

"አንተ ባር ላይ ነህ" አሉት። "እንግዳው ውሃ ሲልህ፣ አንተም ውሃ ትለዋለህ እንዴ? ገደል ማሚቶ ነህ?"

ሁሉም ሳቀበት። ትጠይቀዋለህ አሉ ቲቸር፣ ቀዝቃዛ ነው? አምቦ ነው? ትልቁን ነው ትንሹን? ውሃን የሚጠራው የጠማው ሰው ነው።

ክፍሉ ሲያልቅ ኩማ ወደ ቲቸር ቀረበ። እሱም ሲዳማ ነው፣ የታቢታን አማት ያውቃቸዋል፣ ነገሩ ገብቶታል። ሚስቱም ለእሱ አባት እንደዚሁ ታደርጋለች። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አሉት። ኩማ አንገቱን አከከ። በፈረንጅ አፍም ይሠራል ብዬ አላሰብኩም አለ። ደግሞ የከተማ ሰው ይስቅብናል።

ፈተናው ሰኔ ላይ ሆነ። በምግብ አዳራሹ አንድ ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ ለበሰ። ሥራ አስኪያጁ አለ፣ እሱ በሁሉም ነገር በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። ጓድ ደረሰ አለ፣ የዚያው ከላይ የመጣ ወረቀት ቅጂ ፊቱ ነው። እንግዳ ሆኖ የሚመጣው ደግሞ እውነተኛ እንግዳ ነበር፣ የሐይቁን ዓሣ የሚያጠና አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ሆቴላችን ወር ሙሉ የኖረ። ቲቸር ለምነውት ነው። እኛ የተፈተንነው ግድግዳ ጥግ ተደርድረን ቆመናል።

እኔ አለፍኩ፣ እንዴት እንዳለፍኩ አልጽፍም፣ ላብ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ደምሴም አለፈ። የታቢታ ተራ ደረሰ።

ፈረንጁ ከበሩ መጣ። ታቢታ ቀና ብላ ፈገግ አለችና "ጉድ አፍተርኑን ሰር፣ ሃው ሜይ አይ ሄልፕ ዩ" አለችው። ሰውየው ቅንድቡ ተነሳ። ክፍል ጠየቃት። ሐይቁ የሚታየው ይሻላል ወይስ አትክልቱ የሚታየው አለችው። ውሃ ጠየቃት። ቀዝቃዛ ነው ሰር፣ ወይስ አምቦ፣ አለችው። ሰውየው ሳቀና ወደ ጠረጴዛው ዞሮ አውራ ጣቱን አነሳ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ።

ጓድ ደረሰ አልነቀነቀም። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ነበር የሚከታተለው። እንግሊዝኛው ብዙ አይደለም፣ ፊደሉን ግን ያውቃል።

"እዚህ ላይ የተጻፈውን አላለችም" አለ።

ቲቸር ያንኑ ነው ያለችው፣ እንዲያውም በተሻለ ትሕትና ነው አሉት።

"መመሪያው 'ዋት ዱ ዩ ዋንት' ነው የሚለው። ትበለው።" ወደ ታቢታ ዞረ። "ታቢታ፣ በዪው።"

ታቢታ ነጠላዋን ያዘች።

"አንድ ጊዜ በዪውና ሂጂ።"

ፈረንጁ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ አንዴ እሷን አንዴ ካድሬውን ያያል። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ፣ የተያዝኩት እኔ የሆንኩ ይመስል። ጓድ ደረሰ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ዝቅ ሲያደርገው ይብሳል።

"ሰልፍ ላይም እንዲሁ ነበርሽ" አለ። "አይቼሻለሁ። አፍሽን የዘጋው ማነው? ሃይማኖትሽ ነው?"

ቲቸር ከወንበራቸው ተነሱ። አስተማሪ ፈተና ላይ መነሳት እንደሌለበት እሳቸው ናቸው የነገሩን።

"ጓድ ደረሰ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አሉ።

"የምትፈተነው እሷ ናት፣ ጓድ ጸሐይወርቅ።"

"አውቃለሁ። አገርዎ የት ነው?"

"ጎጃም። ምነው?"

"እናትዎ አባትዎን ማን ብለው ነው የሚጠሩአቸው?"

ጓድ ደረሰ ይሄን አልጠበቀም። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ግን ማሰብ ጀመረ፣ ሲያስብ ታየን። "ማን ብላ?" አለ። "'አንቱ' ነው የምትለው። ለሌላ ሰው ስታወራ ደግሞ 'እሳቸው'።"

"በስማቸውስ?"

"በስሙ..." እርሳሱን አዞረው። "በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም።"

"ለምን?"

"ነውር ነዋ" አለ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል እንደማለት።

ቲቸር የታቢታን ነገር ያኔ ነገሩት። አጭር አድርገው፣ ለእሱ ለብቻው እንደሚነግሩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ያባቷ ባል ብለው ተሳስተው የባሏ አባት ብለው አስተካከሉ፣ እሳቸውም ፈርተዋል ማለት ነው። ባሏ አገር ሊጠብቅ ዘምቷል፣ እሷ ደግሞ የአባቱን ክብር ትጠብቃለች አሉ። የብሔረሰቡ ባህል ነው፣ ባህል ይከበር የምትሉት እናንተ ናችሁ አሉ። ጓድ ደረሰ አላመነም። አለማመኑ ያስታውቃል። ዓይኑን ታቢታ ላይ ተክሎ፣ "እሺ፣ አማትሽ ማን ነው የሚባሉት?" አላት።

ታቢታ አፏን በሁለት እጇ ከደነች።

"ስማቸውን ነው የጠየቅኩሽ።"

ከጥጉ ኩማ ፈነዳ። በሳቅ ነው የፈነዳው፣ ሊይዘው ሞክሮ አቅቶት። "ኧረ ጓድ!" አለ፣ "ሰማይ ቢወርድ እሷ እንዴት ብላ ትነግርሃለች? የተያዘችው በሱ አይደል! ዋንሳሞ ነው፣ እኔ ልንገርህ፣ ዋንሳሞ!"

ደምሴ ተከተለ፣ ከዚያ ሁላችንም። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ሳቀ፣ ከዚያ ደንግጦ ወደ ጓድ ደረሰ አየ። ጓድ ደረሰ ጥያቄውን መልሶ በሆዱ ሲያየው፣ ምን ብሎ ማንን እንደጠየቀ ሲገባው፣ ከንፈሩ ዳር ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ነው ብዬ አልምልም። ታቢታ ግን ከእጇ ሥር እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልታወቀም፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ፈረንጁ ቲቸርን ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው፣ ሲነግሩት ብዕሩን አውጥቶ ሊጽፍ ሲል እባክህ አትጻፍ አሉት፣ እሱም መልሶ ከተተ።

ጓድ ደረሰ ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ ጮክ ብሎ ነው ያነበበው፣ ሥራ አስኪያጁ እንዲሰማ። ዝም ያለችው በልማድ ነው፣ በሃይማኖት አይደለም፣ አለ። ከዚያ፣ ሪሴፕሽን ትመደብ፣ አለ። ከዚያ ቀጥሎ የሚፈተነውን ጠራ።

ታቢታ በዓሉ ሳይደርስ ሪሴፕሽን ቆመች። እንግዶቹ ከሁሉም እሷን ይወዱ ነበር፣ ትሕትናዋ ይገርማል ይሉ ነበር። የቆላው ነገር ቀረ። ሌላውም ነገር ቀረ፣ ቢያንስ ያኔ።

እኔን ግን አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። የፈተናው ዕለት ማታ ሳልተኛ ሰልፉን በሐሳቤ መልሼ አየሁት። ኢትዮጵያ ትቅደም። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም። ደጋግሜ በሆዴ አልኩት። የሽማግሌው ስም የሚጀምርበት ድምፅ የትኛውም ቃል መነሻ ላይ የለም። እጅ ማንሳት ደግሞ ጭራሽ ቃልም አይደለም። እና ለምን ዝም አለች?

ጓድ ደረሰ ይሄን አላሰበውም። ቲቸር ግን እኛን ፊታቸውን አዙረው በድምፅ ብቻ የሚለዩ ሰው ናቸው፣ ሳያስቡት አይቀሩም። ከብዙ ቀን በኋላ እስከ ሆቴሉ በር ልሸኛቸው ስወጣ አላስቻለኝም። ቲቸር፣ ስለ ሰልፉ ታቢታን ጠይቀዋታል ወይ አልኳቸው። እኚያ ሁሉን የሚጠይቁ ሴት፣ ፈረስ በምን ቋንቋ እንደሚሄድ የሚጠይቁ ሴት፣ ቆመው አዩኝ።

"አልጠየቅኋትም" አሉ። "አንተም አትጠይቃት። እኔን የቀጠሩኝ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው።"

ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ። የሰማን ማንም አልነበረም። ቲቸር ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ሄዱ።